ጉሬዛ የበላው ሁሉ ለሰው አይሆንም

«ወፍ የበላውን ብላ፤ ጦጣ የቀመሰውን ቅመስ።» ጫካ ለሚገባ ሰው የሚሰጥ ምክር ነው። ብዙዎቻችን ከልጅነት ጀምሮ ሰምተነዋል። ለጆሮ ይጥማል፤ ለማስታወስም ቀላል ነው። እኔ ግን ይሄ ምክር ጭራሽ ቢቀር ደስ ይለኛል። ሰው ሊገድል ይችላል።

ሥራዬ ከዛፍ ዘር ጋር ነው። ወንዶ ገነት ደን ተምሬ አሁን ሐዋሳ ችግኝ አፈላለሁ። ስለዚህ የማያውቁት ዘር እጃቸው የገባ ሰዎች ወደ እኔ ይመጣሉ። የሰፈር ልጆች ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። አሞራ ገደል ሾላው ሥር ሲጫወቱ ውለው ሲመለሱ ኪሳቸው ሙሉ ነው። ጉሬዛ ከላይ የጣለውን፣ ነፋስ ያወረደውን፣ ሐይቁ ዳር የተገኘውን ሁሉ ይዘው ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ይበላል?»

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው። ልጅ ሲጠይቀው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን አድካሚ ነው። ደሴት ላይ ደግሞ ይብሳል። ባሕሩ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ፍሬ እየገፋ አምጥቶ ዳርቻው ላይ ይዘረግፈዋል። ጫካው በበኩሉ የራሱን ያረግፋል። የሚበላውና የሚገድለው አንድ አሸዋ ላይ ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ። ስለ ደሴት ደኖች ዘር ማንበብ የጀመርኩት ለሥራ ብዬ ነበር። አሁን ግን ሱስ ሆኖብኛል፤ ዛንዚባር የመሄድ ዕድል ሲገጥመኝም ከባሕሩ ይልቅ ዛፍ ሥር ነው ያመሸሁት።

ዛንዚባር ውስጥ ጆዛኒ የሚባል ደን አለ። እዚያ የሚኖረው ቀይ ጉሬዛ ከዛንዚባር ደሴቶች ውጪ በዓለም ላይ የለም። ይሄ ጉሬዛ የማንጎ ቅጠልና ምኩንጉ የሚባል ዛፍ ቅጠል አብዝቶ ይበላል። ቅጠሎቹ ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ሆድ የሚያውክ ፌኖል የተባለ ነገርም በብዛት አላቸው። ታዲያ ጉሬዛው ምን ያደርጋል? ከሰል ይበላል። ሰው ከሰል ካከሰለበት ቦታ፣ ከተቃጠለ ጉቶ ላይ እየለቀመ ያኝካል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሰሉ ያንን አዋኪ ነገር ሆድ ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። በዚያ ላይ የጉሬዛ ሆድ እንደ ከብት ሆድ የተከፋፈለ ነው። ቅጠሉ መጀመሪያ እዚያ ይብላላል። የእኛ የሐዋሳ ጥቁርና ነጭ ጉሬዛም ሆዱ ያው ነው። እሱ በልቶ ስላልሞተ እኔም አልሞትም ማለት በሌላ ሆድ መተማመን ነው።

ወፍም ያው ነው። በፓሲፊክ ደሴቶች ያሉ ትልልቅ ርግቦች ፍሬ ሳይሰብሩ ይውጣሉ። ሥጋው ሆዳቸው ውስጥ ይፈጫል፤ ዘሩ ግን እንዳለ ይወጣል። ወፏ ዘሩን አልበላችውም፤ ተሸክማው ሄደች እንጂ። ውስጡ ምን እንዳለ ለእሷ ምንም አይደለም። ድንጋይ ይዞ የሚሰብረው ሰው ነው የሚያገኘው።

አሁን ወደ ምኩንጉ ልመለስ፤ ምክንያቱም ያ ጉሬዛ በከሰል የሚያወራርደው ዛፍ ለሰው ጥሩ ዘር አለው። ሳይንሳዊ ስሙ ተርሚናሊያ ካታፓ ነው። ዘመዱን እኛ ቤት እናውቀዋለን። እናቶቻችን የሚታጠኑበት ወይባ የዚሁ ወገን ነው። ምኩንጉ ከሩቅ ይለያል። ቅርንጫፎቹ ከግንዱ ወደ ጎን ተዘርግተው በደረጃ በደረጃ ይወጣሉ። ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ወደ ጫፉ እየሰፋ ይሄዳል። ከመርገፉ በፊት ደም ይመስላል። አረንጓዴው መሐል ቀይ ቅጠል ጣል ጣል ያለበት ትልቅ ዛፍ ባሕር ዳርቻ ካያችሁ፣ እሱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ዛንዚባር ውስጥ አንድ መንደር አንዲት አዛውንት አሠራሩን አሳዩኝ። ፍሬው ጠፍጠፍ ያለ ነው። ዙሪያውን ጠርዝ አለው፤ ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል። ላዩ ስስ ሥጋ ነው። ከሥጋው ሥር ቃጫ የበዛበት ቀላል ንጣፍ አለ፤ ባሕር ላይ የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ከዚያ ጠንካራው ቅርፊት ይመጣል። እማማ ፍሬውን ድንጋይ ላይ በጠርዙ አቆሙና በሌላ ድንጋይ መቱት። አንዴ ብቻ። ከመሐሉ ከጣቴ ቀጠን ያለ ነጭ ነገር ወጣ። ሁለቱ ክፋዮች አንዱ በሌላው ላይ እንደ ክታብ ተጠቅልለዋል። በጥፍሬ ስፈታው ተተረተረ። ጥሬውን በላሁት። ለውዝ ለውዝ ይላል፤ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ከአንድ ፍሬ የሚገኘው ለአንድ ጉርሻ አይሞላም፤ ልጆቹ ግን ቀኑን ሙሉ ሲሰብሩ ይውላሉ።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ የእማማ አንገት ነው። ፍሬ ከመሬት ከማንሳታቸው በፊት ቀና ብለው ዛፉን ያዩታል። ሁልጊዜ። ዛፉን ያውቁታል፣ ከቤታቸው ደጃፍ ያለ ነው፤ ሆኖም ያዩታል። ባሕሩ ዳር የወደቀውን አሳይቼ «ይሄስ?» ስላቸው አልነኩትም። ዛፉ እዚያ የለማ።

ለምን እንዳልነኩት ልንገራችሁ። ከማዳጋስካርና ከሲሸልስ ጀምሮ እስከ ፓሲፊክ ድረስ በየባሕሩ ዳርቻ የሚበቅል ሰርቤራ ማንጋስ የሚባል ዛፍ አለ። አበባው ነጭ ነው፤ መሐሉ ቀላ ይላል። ፍሬው ትንሽ ማንጎ ይመስላል። ወድቆ ውሃ ላይ ሲከርም ሥጋው ያልቅና ቃጫ የለበሰ ቡናማ እንክብል ይቀራል። የምኩንጉም ፍሬ ሲከርም ቃጫ ለብሶ ቡናማ ይሆናል። የሚያውቅ ሰው ይለያቸዋል። የምኩንጉው ያነሰና ጠፍጣፋ ነው፤ ጠርዙም አይጠፋም። የሰርቤራው ተለቅ ብሎ ድቡልቡል ያለ ነው። ባሕር ያሸው፣ ግማሹ የተበላ፣ የተሰነጠቀ ሲሆን ግን ማን ይለየዋል? የሰርቤራ ዘር ውስጥ ያለው መርዝ የልብ ምትን ያዛባል፤ ያቆማልም።

ማዳጋስካር ውስጥ በዚህ ዛፍ ዘር ሰው ይዳኙበት ነበር። ታንጌና ይሉታል። በጥንቆላ ወይም በክህደት የተጠረጠረ ሰው ሦስት ቁራጭ የዶሮ ቆዳ ከዘሩ ጋር እንዲውጥ ይደረጋል። ሦስቱንም ቁራጭ ካስታወከ ነጻ ነው። ካላስታወከ ጥፋተኛ ተባለ ማለት ነው፤ ብዙውም ፍርዱን ሳይሰማ ይሞታል። ንጉሥ ራዳማ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1863 ከለከለው። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ያዝናል ልቤ። ስንት ሰው በአንዲት ፍሬ አለቀ።

ሌላም የሚባል ነገር አለ። «ዘመዱ ከተበላ እሱም ይበላል» ይባላል። ባሪንግቶኒያ የሚባለውን ወገን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። በሰለሞን ደሴቶችና በቫኑዋቱ ባሪንግቶኒያ ፕሮሴራ የሚባለው በየጓሮው ይተከላል። ፍሬው ተሰንጥቆ ዘሩ ጥሬውን ይበላል፤ ገበያም ይወጣል። የቅርብ ዘመዱ ባሪንግቶኒያ አሲያቲካ ደግሞ ባሕር ዳርቻ ይበቅላል። ፍሬው አራት ማዕዘን ያለው ሳጥን ነው። ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። የደሴቶቹ ሰዎች ለዘመናት እንዲህ ዓሣ ሲይዙበት ኖረዋል። አንድ ወገን ናቸው፤ አንዱ ቁርስ ነው፣ ሌላው መርዝ።

ዓሣ በዘር ማደንዘዝ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ብርብራ አለን። ሲዳማ ውስጥ ቡና የሚያጠላ፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይበቅል ዛፍ ነው። ዘሩ ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ሮቴኖን የሚባል ነገር ይለቅቃል። ዓሣው ትንፋሽ ያጥረውና ወደ ላይ ይወጣል። የሰለሞን ደሴት ሰውና የእኛ አገር ገበሬ ተገናኝተው አያውቁም። አንዱ በባሪንግቶኒያ፣ ሌላው በብርብራ እዚያው ደረሱ። ለመድረስ ስንት ትውልድ ዘር ሲወቅጥ እንደኖረ አስቡት። ዛሬ በዚህ መንገድ ማጥመድ ጎጂ ነው፤ ጫጩቱንም እናቱንም ይጨርሳል። ቆሮሶ ጥብስ የምንወድ የሐዋሳ ሰዎች ሐይቃችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማየት አንፈልግም። እውቀቱ ግን ይከበራል።

ከደሴት ዘሮች ሁሉ ልቤን የሰረቀው ካናሪየም ነው። ዛፉን በአካል አላየሁትም፤ ግን ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ሰለሞን ደሴቶች ንጋሊ ይሉታል፣ ቫኑዋቱ ናንጋይ፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ጋሊፕ። ሲበስል ፍሬው ይጠቁራል። ከስሱ ሥጋ ሥር ያለው ቅርፊት ሦስት ጎን አለው፤ ድንጋይ ነው በቃ። ውስጡ ስስ ቡናማ ልብስ የለበሰ ነጭ፣ ቅባት የሞላው ዘር ይቀመጣል። ሰው ከምድጃ ጭስ በላይ ሰቅሎ ያደርቀዋል፤ ለወራት ይቆይለታል። ለእኔ ግን ነገሩ ቤተሰቡ ላይ ነው። ካናሪየም የዕጣንና የከርቤ ዛፍ ቤተሰብ ነው። ግንዱ ሲቆስል ሙጫ ያወጣል፤ ሙጫውም መዓዛ አለው። ፊሊፒንስ ውስጥ ከካናሪየም የሚወጣው ኤሌሚ የተባለ ሙጫ ለሽቶ ይሸጣል። ቡና ሲፈላ ዕጣን የሚያጨስ ቤት ያደገ ሰው እዚያ ጫካ ቢገባ፣ ቅርፊቱን ቆንጠር አድርጎ ቢያሸት ቢያንስ «አንተን የት ነው የማውቅህ?» ማለቱ አይቀርም። ሽታው ብቻውን ብላ አይልም። ግን ወደ ትክክለኛው ቤተሰብ ይመራል። ዛፍ መለየት እንዲህ ነው፤ በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በጣት።

እስካሁን ያልኩት ዛፉን ስለማወቅ ነው። ዛፉን ማወቅ ግን ግማሹ ነው። አንዳንድ ዘር በሰው እጅ ካላለፈ ምግብ አይሆንም።

ጃቫ ደሴት ላይ ክሉዋክ የሚባል ዘር አለ፤ ዛፉ ፓንጊየም ኤዱሌ ይባላል። ጥሬው ዘር ሳያናይድ የሚባል መርዝ ያመነጫል። የኮክ ፍሬ ሰብራችሁ የውስጡን ዘር ቀምሳችሁ ከሆነ ያንን መራራ ሽታ ታውቁታላችሁ፤ እሱም ከዚያው ጉዳይ ነው። የጃቫ ሰዎች ዘሩን ይቀቅሉታል። ከዚያ በአመድና በሙዝ ቅጠል ሸፍነው አፈር ውስጥ ይቀብሩታል። 40 ቀን ገደማ ይቆያል። ነጩ ዘር ጠቁሮ ይወጣል። መርዙ በውሃውና በጊዜው ሄዷል። ራዎን የሚባለውን ጥቁር የሥጋ ሾርባ የሚያጠቁረው እሱ ነው፤ ዛሬም ሰው ወዶት ይበላዋል።

ይሄን ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጡት የጎረቤቴ እናት ናቸው። ዋሳ የሚባለውን የእንሰት ምግብ ሲያዘጋጁ ጉድጓዱን በእንሰት ቅጠል ያለብሳሉ፣ ይጠቀጥቁታል፣ ይከድኑታል፣ ድንጋይ ይጭኑበታል። እንሰትን የምንቀብረው መርዝ ለማውጣት አይደለም። ግን መቼ እንደደረሰ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ከድነው ገልጠው ያሸታሉ፤ በጣታቸው ያሹታል፤ «ገና ነው» ይላሉ። «እማማ፣ በምን አወቁ?» ስላቸው እጃቸውን ነው ያሳዩኝ። የጃቫዋም እናት እንዲሁ ይመስለኛል።

ሃዋይ ላይ ኩኩይ የሚባል ዛፍ አለ፤ የጉሎ ቤተሰብ ነው። ዘሩ ቅባቱ ብዙ ስለሆነ በስንጥር ተሰክቶ ይበራ ነበር። ጥሬው ሆድ ያጥባል፤ ለዚያውም ክፉኛ። ተጠብሶ፣ ተወቅጦ፣ ጨው ገብቶበት ሲሆን በትንሹ ለማጣፈጫ ይበላል። ታሂቲ ውስጥ ማፔ የሚሉት የኢኖካርፐስ ዘር ደግሞ መቀቀል ወይም መጠበስ አለበት፤ ሌላ ጣጣ የለውም።

ጉዋም ላይ ስደርስ ግን እፈራለሁ። እዚያ ፋዳንግ የሚባል ተክል አለ። ዘንባባ ይመስላል፤ ዘንባባ አይደለም፤ ሳይካድ ከሚባሉት ነው። የቻሞሮ ሕዝብ ዘሩን ሰንጥቆ ውሃ እየለወጠ ለቀናት ይዘፈዝፈዋል። ከዚያ ያደርቀዋል፣ ይፈጨዋል፣ ቂጣ ይጋግርበታል። መርዙ እንዳለ ድሮም ያውቃሉ፤ ለዚያ ነው የሚዘፈዝፉት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሐኪሞች ደሴቱ ላይ አንድ ነገር አዩ። ሰውነት የሚያሽመደምድና አእምሮ የሚያደክም የነርቭ በሽታ ከሌላው ዓለም እጅግ በዝቶ ነበር። ፋዳንግን የጠረጠሩ አሉ፤ ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ1967 ተመራማሪዎች ከዘሩ ውስጥ ቢኤምኤኤ የሚባል ነገር አወጡ። ሲፈልጉ የነበረው የጓያን መርዝ የሚመስል ነገር ነበር።

አዎ፣ ጓያን። ጓያ ዛፍ አይደለም፤ ግን ይሄ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዝናብ ጠፍቶ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ የሚቆመው እሱ ነው። የቸገረው ሰው ለወራት እሱን ብቻ ሲበላ እግሩ ይያዛል፤ ከዚያ አይመለስም። አንድ ቀን የበላ ምንም አይሆንም። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። «ትንሽ ቅመስና አንድ ቀን ጠብቅ፤ ካልታመምክ ብላ» የሚሉ የጫካ መምሪያዎች አሉ። ለጓያ ይሄ ምን ይረዳል? ለፋዳንግስ?

ምላስም አይታመንም። ካሪቢያን ደሴቶች ላይ ማንቺኒል የሚባል ዛፍ አለ። ቶቤጎ ላይ አንዲት እንግሊዛዊት የራጅ ሐኪም ፍሬውን ቀምሳ መጀመሪያ ጣፋጭ እንደነበር ጽፋለች። ጥቂት ቆይቶ ጉሮሮዋ ተቃጠለ፣ ተዘጋ፤ መዋጥ አቃታት። እንደ ወተት ያለ ነጭ ደም የሚያወጣ ዛፍ ሁሉ መርዝ ነው የሚሉም አሉ። ማንቺኒልም ሰርቤራም ነጭ ደም አላቸው፤ እውነት ነው። የእኛ ሾላም አለው። ዘሩ ተቀቅሎ የሚበላው ጃክፍሩትም አለው። በዚህ ሕግ ብንሄድ ስንቱን ምግብ እንጥል ነበር።

አሁን ልጆቹ ስልክ ያወጣሉ። ዘሩን ፎቶ አንስተው ጉግል ሌንስ ይጠይቃሉ። ስልክ ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀማለሁ። ግን የተሰበረ ቡናማ ዘር ፎቶ ላይ ምን አለ? ቡናማ ነገር ነው። ቅጠል፣ አበባ፣ ቅርፊት፣ ዛፉ የቆመበት ቦታ የለበትም። ስልኩ ግን ስም ከመስጠት አይመለስም። እኔ ለልጆቹ የምላቸው ይሄን ነው። ዘር ብቻ አታምጡልኝ። ዛፉ ሥር ውሰዱኝ። ቅጠሉ ቅርንጫፉ ላይ እንዴት እንደተደረደረ እንይ። ዛፉ ላይ ያለው ፍሬና የወደቀው አንድ መሆናቸውን እናረጋግጥ። ከዚያ በዚያ አካባቢ የኖረ ሰው እንጠይቅ። «ይበላል?» ብለን አንጀምርም። «እናንተ ምን ታደርጉበታላችሁ?» እንላለን። ሰውየው «እንዘፈዝፈዋለን» ካለ መዘፍዘፉ ከንቱ ልማድ አይደለም፤ ምን ያህል፣ በስንት ውሃ ብለን እንጽፋለን። ከተጠራጠርን ቅጠሉን ከነአበባው በጋዜጣ መሐል አድርቀን የሚያውቁ ሰዎች ጋ እንወስዳለን። ወንዶ ገነት ቅርባችን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበት ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። እስከዚያ ማንም አይቀምስም።

የሚያሳዝነኝ የምንጠይቃቸው ሰዎች ማነሳቸው ነው። የቸገረ ጊዜ የትኛው ዛፍ ዘር እንዴት ተደርጎ እንደሚበላ የሚያውቁት አያቶች እያለፉ ነው። ከተማ ያደገው ልጅ እንኮይና ዶቅማ ፊቱ ቢቀመጡለት አይለያቸውም። አያት ያላችሁ እባካችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ። የዛፉን ስም ብቻ አትጻፉ፤ እጃቸው የሚሠራውንም ጻፉ።

አንድ ነገር ሳልናገር አልሄድም። ልጅ የማይታወቅ ዘር በልቶ ከተገኘ እስኪያመው አትጠብቁ። እኛ ዘንድ ወተት መጋት ተለምዷል፤ ጣት ጉሮሮው ከትቶ ማስታወክም አለ። ሁለቱንም ተዉት። አፉ ውስጥ የቀረውን አውጡለትና ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከዘሩ የተረፈውን፣ ከተቻለም ቅጠል ያለበት ቅርንጫፍ ይዛችሁ ሂዱ። ስንት ሰዓት ላይ እንደበላና ምን ያህል እንደሆነ ንገሩ። አኝኮት ነው ወይስ እንዳለ የዋጠው የሚለውንም አትርሱ። እንደ ጉሎ ያለ ዘር ቅርፊቱ ሳይሰበር ከተዋጠ እንዳለ ሊወጣ ይችላል፤ ከታኘከ ግን ሌላ ነገር ነው።